የደንገሉ ካሳ

በጣና ዳር የምትኖር አንዲት ምላሷ እንደ ምላጭ የሆነ ባልቴት ነበረች። ጎረቤቶቿ ሁሉ እስከ ውሃው አፍ ድረስ ሲያርሱ፣ እሷ ግን ታንኳ የሚሠራበትን የድርሻዋን ደንገል፣ ወፎቹ ጫጩቶቻቸውን አሳድገው እስኪያበርሩ ድረስ ማጭድ አታስነካውም ነበር። በዚህም የተነሳ በዚያ ዳርቻ ወፍ የቀረው እሷ ዘንድ ብቻ ሆነ።

አንድ ቀን የወረዳው ሹም አቶ ይሁኔ ሜትር ይዞ፣ ጸሐፊ አስከትሎ ከተፍ አለ። ወረዳው ካሳ ከፍሎ ቦታውን ለወፎቹ ሊከልለው ነው። «ለወፎቹስ ይሁን» አለች፤ ካሳው ግን መጦሪያዋ ነበር።

ሹሙ በሽማግሌዎች ፊት ጉሮሮውን ጠረገና፣ «እመይቴ፣ ይህ መሬት ታርሷል ወይስ አልታረሰም? ታርሷል ካሉ ሐይቅ ዳር በማረስዎ ይቀጣሉ። አልታረሰም ካሉም ጠፍ ነው፤ ጠፍ መሬት ደግሞ ካሳ የለውም» አላት።

ሽማግሌዎቹ አቀረቀሩ። እሷ ግን ነጠላዋን አስተካከለችና፣ «አላረስኩትም ጌታው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እጄን ሰብስቤ ነው ያቆየሁት» አለች።

«እጅ መሰብሰብም ሥራ ሆኖ ነው?» አለ ሹሙ እየሳቀ።

«ቀላል ከመሰለዎ ይሞክሩት እንጂ። ይኸው እርስዎ ቦታዬን ካዩ ገና ግማሽ ቀን ሳይሞላዎ እጅዎን መሰብሰብ አቃተዎት።»

ሹሙ የዘረጋውን ሜትር መጠቅለል ጀመረ። ከዚያም ወደ ጸሐፊው ዞሮ፣ «የለማ መሬት ብለህ ጻፈው፤ ካሳዋም ሙሉ ይሁን» አለ።