የቦራ ቆዳ

ጠጋ ጠጋ በሉ፣ የማይጣፍጥ ተረት ላወራችሁ ነው። ድሮ፣ እንስሳውም ዕቃውም እንደ ሰው በሚያወራበት ዘመን፣ ቦራ የሚባል በሬ ነበር። ዳለቻ ከሚባል ጓደኛው ጋር እየተጠመደ ሲያርስ ኖረ። ዳለቻ አረጀና ታረደ፤ ጌትየውም ከቆዳው ጅራፍ ገምዶ፣ ሞራ ቀብቶ፣ ምሰሶው ላይ ሰቀለው።

የቦራ ልጅ ሻንቆ ቀንበር የሚለምድበት ጊዜ ደረሰ። ቦራ ጭንቅ ያዘው፤ ወይፈኑ ገና ነው፣ ጀርባው ለጋ ነው። ወደ ምሰሶው ቀረብ ብሎ ለመነ።

«አያ ጅራፍ፣ አንተ እኮ የዳለቻ ቆዳ ነህ። አንድ ቀንበር አብረን ተሸክመናል። ልጄን እንዳትመታብኝ።»

ጅራፉ ተጀንኖ፣ «ዳለቻ ደግሞ ማነው?» አለ።

በማግስቱ ቦራ እንደገና ለመነ። «አያ ጅራፍ፣ ባይሆን ቀስ ብለህ ምታው።»

ጅራፉ ተጀንኖ፣ «ቀስ ማለት አልወድም፤ ስጮህ አገር ይስማኝ!» አለ።

በሦስተኛው ቀን፣ እርሻው መሀል፣ ቦራ «በቃ፣ የእሱንም ድርሻ እኔን ምታኝ» አለ።

ጅራፉ ተጀንኖ፣ ጧ! አለ። ሁለቱንም ገረፋቸው።

ከቀንበር ሲፈቱ ቦራ የልጁን ቁስል እየላሰ፣ «አይዞህ ልጄ» አለው። «እኔ ጅራፍ ብሆን አንተን አልነካም።»

«እውነት አባባ?»

«እናቴ ትሙት!»

ዓመታት አለፉና ቦራም ታረደ። ቆዳው ተወጠረ፣ ደረቀ፣ ተገመደ። ምሰሶው ላይ ሲሰቀል ቃሉን አልረሳም፤ ልጁን እያሰበ ነበር። ግን ሞራ ሲቀባ ገላው አማረበት። ጌትየው አንስቶ ሲያወናጭፈው ጧ! አለ፤ በረቱ ሁሉ ደንግጦ አንገቱን ደፋ። ቦራ በሕይወቱ እንዲህ ተፈርቶ አያውቅም። ደስ አለው። በጣም ደስ አለው።

ሻንቆ ጠረኑን አወቀውና፣ «አባባ! እኔ ነኝ፣ ሻንቆ!» ብሎ ጮኸ።

ቦራ ተጀንኖ፣ «ሻንቆ ደግሞ ማነው?» አለ።

እና ልጆቼ፣ የተገረፈ ሁሉ ሕመሙን ሲያስታውስ የሚኖር ይመስላችኋል። የሚያስታውሰው እጀታ ላይ እስኪታሰር ድረስ ነው። ለተረቴ ዳቦ አልጠይቃችሁም፤ ዛሬ አፌን መሮኛል።