ከግንቡ ሥር የኖሩት ባልና ሚስት

አንድ አቶ መኳንንት የሚባሉ ጨርቅ ነጋዴ በጎንደር ከተማ ይኖሩ ነበር። ሱቃቸው ከነገሥታቱ ግንብ አጥር ብዙም አይርቅም። ጎብኚ መንገድ ሲጠፋው እሳቸውን ይጠይቃል፤ እሳቸውም ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ብቅ ብለው፣ «በዚህ ታጠፍ፣ በሩን ፊት ለፊትህ ታገኘዋለህ» ይላሉ። ራሳቸው ግን በዚያ በር ገብተው አያውቁም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ያለምዘውድም እንዲሁ።

አንድ ቅዳሜ የወይዘሮ ያለምዘውድ ታናሽ እህት ፋንታነሽ ከአርባ ምንጭ ለጥየቃ መጣች። ቁርስ ሳይነሳ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ሱቅ የሚባል ነገር የለም። ግንቡን ያሳዩኛል» አለቻቸው።

«ምን ችግር አለ! ድንጋዩን አንድ በአንድ ነው የማውቀው» አሉ አቶ መኳንንት። ባለቤታቸው ቀና ብለው አይተዋቸው ነጠላቸውን አነሱ።

በባጃጅ መጀመሪያ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄዱ። ፋንታነሽ ጣሪያው ላይ የተሳሉትን መላእክት አንጋጣ ስታይ አንገቷ እስኪደርቅ ቆየች። ፒያሳ ወርደው ጭማቂ ጠጡ። ከዚያ ወደ ግንቡ ግቢ ገቡ። አቶ መኳንንት እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ከፊት ከፊት እየሄዱ አንዱን ረጅም ቤት አሳዩና፣ «ይሄ የንጉሡ መኝታ ቤት ነበር» አሉ።

ፋንታነሽ ሰሌዳውን አነበበች። «ጋሼ፣ የፈረሶች ቤት ነው ይላል እኮ።»

«ንጉሡ ፈረስ ይወዱ ነበራ!»

ሦስቱም ሳቁ። እየሳቁም ከትልቁ ግንብ የድንጋይ ደረጃ ሥር ደረሱ። ወይዘሮ ያለምዘውድ እዚያ ቆሙ። ደረጃውን ከታች እስከ ላይ አዩትና፣ «እናንተ ውጡ። እኔ ከዛፉ ጥላ ሥር እጠብቃችኋለሁ» አሉ።

«እዚህ ድረስ መጥተሽ እትዬ?»

«በሙሽርነቴ ግንቡ ላይ አውጣኝ ብዬው ነበር። ‹ግንቡ የትም አይሄድ፣ በኋላ እንወጣለን› አለኝ። እውነቱን ነው፤ ግንቡ የትም አልሄደም። የሄደው የኔ ጉልበት ነው።»

ይህን ያሉት እየሳቁ ነበር። አቶ መኳንንት ግን ሳቅ አልመጣላቸውም። ያኔ ሱቁ ገና መከፈቱ ነበር። ከዚያ ልጆች መጡ፤ ከልጆቹ በኋላ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ የሚቀድም ነገር አይጠፋም ነበር። ሚስታቸው ዳግመኛ አልጠየቁም፤ አቶ መኳንንትም ሚስታቸው ነገሩን የረሱት መሰላቸው። ኮታቸውን አውልቀው ለፋንታነሽ ሰጡና ሚስታቸው ፊት ጎንበስ አሉ።

«በጀርባዬ ውጪ።»

«አብደሃል? ሁለታችንንም በቃሬዛ ሊያወርዱን ነው!»

በዚህ መሃል በግቢው በር ከበሮና እልልታ ተሰማ። ፎቶ ሊነሱ የመጡ ሙሽሮች ከነአጃቢዎቻቸው ገቡ። አቶ መኳንንት ጥቂት አመነቱ። ሰው ይጠይቃቸዋል እንጂ እሳቸው ሰው ማስቸገር አይወዱም። ሚስታቸውን ዞር ብለው አዩ፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሚዜዎቹ ሄዱ።

«ልጆቼ፣ አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ባለቤቴን ወደ ላይ አውጡልኝ።»

ዋናው ሚዜ አሻግሮ አየና ፈገግ አለ። «ሙሽራዋ እሳቸው ናቸው አባታችን?»

«ለኔ አዎ።»

ሌላ ቃል አላስፈለገም። ሚዜዎቹ ከጥበቃው ወንበር ተውሰው ወይዘሮ ያለምዘውድን አስቀመጡና እየጨፈሩ ተሸክመው ወጡ። «ቀስ! ኧረ በማርያም ቀስ በሉ!» እያሉ እሳቸው ይጮሃሉ፤ ከታች እውነተኛዋ ሙሽራ ቬሏን ገልጣ እልል ትላለች።

ላይ ሲደርሱ ወይዘሮ ያለምዘውድ መስኮቱን ተደግፈው ቆሙ። ከተማው ከነቆርቆሮው፣ ከነዛፉ፣ ከነተራራው ተዘርግቷል። ድንገት፣ «ያውና ቤታችን! ጠዋት ያሰጣሁት ብርድ ልብስ!» ብለው እንደ ልጅ ጮኹ።

አቶ መኳንንትም ከኋላ ደርሰው ሱቃቸውን ፈለጉ። ከአንድ ግራር ቅርንጫፍ ሥር ጥፍር የምታክል ጣሪያ ሆና አገኟት።

«ይህችን ለምታክል ሱቅ ነው ይህን ሁሉ ዘመን ያስጠበቅሁሽ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ይቅር በይኝ።»

ሚስታቸው ክንዳቸውን ያዙ። «አሁን መጥቻለሁ። ወሬውን ተውና አብረን እንይ።»

ሙሽሮቹ ፎቶ ተነስተው እስኪጨርሱ እዚያው ቆዩ። ሚዜዎቹም እንደወሰዷቸው በጭፈራ መለሷቸው። ከዚያ ወዲህ አቶ መኳንንት ቅዳሜ ከሰዓት ሱቅ አይከፍቱም፤ ባልና ሚስቱ ባጃጅ ይዘው ያላዩትን ሰፈር ያያሉ።

ወዳጆቼ፣ ቅርባችን ያለውን ነገር እንደርስበታለን እያልን እናቆየዋለን፤ ቅርባችን ያለውን ሰው ደግሞ ከዚያም በላይ። ዘገየሁ ብሎ ጨርሶ መተው ግን ሁለተኛ ጥፋት ነው። ያልተፈጸመ ቃል ካለብን ዛሬም ጎንበስ ማለት እንችላለን፤ አቅም ካነሰን ሰው መለመን ነውር አይደለም። እስቲ አስቡት፦ አንድ ጊዜ ጠይቋችሁ ዳግመኛ ያልጠየቃችሁ ሰው ማን ነው?