የዕድሩ ድንኳን

አንድ ሰው ነበረ፣ ምላሱ ቅቤ። ተቀመጥ ይርዳው፣ ቆመህ አትንቆራጠጥብኝ። «ሕዝበ ውሳኔው አለቀ፣ አገሩ የሚፈልገውን ተናገረ፤ ታዲያ ልጄ ምንታምር አደባባይ ላይ ምን ቀራት? ሄጄ ጎትቼ ላምጣት ወይ፣ አክስቴ?» ብለህ ጠይቀኸኝ የለ? እንግዲያው ስማ።

ይህ ሰው የሰፈሩን ሕዝብ ሰብስቦ፣ «ከላይኛው ሰፈር ዕድር እንለይና የራሳችን ይኑረን ወይ?» አለ። ይኑረን ብለው ሁሉም እጃቸውን አወጡ። እልል ብለው ተበተኑ። ዳኛው ማን ይሁን፣ የድንኳኑ ዕቃ ቤት ቁልፍ ማን ዘንድ ይቀመጥ ያለ አልነበረም። ሞኞች። እጃቸውን የቆጠረው ሰውዬ ቁልፉን በክር አንገቱ ላይ አንጠለጠለው።

ከዚያ ወዲያ ለወደደው ሐዘንተኛ ደህናውን ድንኳን ያወጣል፤ ላልወደደው ቀዳዳ ሸራ ይወረውራል። ስብሰባ ጥራ ሲሉት፣ «እጃችሁን አውጥታችሁ የለ? ስንቴ ልታወጡ ነው? ድንኳኑ እንደሆነ የኔ ነው» ይላል። ሰዉ ዕረፍት አጣ። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ወፍጮ ቤት ሲገናኙ፣ ወሬው ይኸው ብቻ ሆነ።

በመሃል የሰውዬው እናት ሞቱ። አንድም የቀረ የለም። ቀበሩ፣ አለቀሱ፣ እስከ ደጁ ሸኙት። እዚያ የተተከለው ድንኳን ውስጥ ግን አልገቡም። ሽማግሌው፣ አራሷ ሳትቀር፣ ውጭ መሬት ላይ ተቀመጡ። እሱ ባዶ አግዳሚ መሃል ብቻውን ቀረ። ወጥቶ፣ «ምነው፣ ሐዘኔ አላሳዘናችሁም?» አላቸው።

«አሳዝኖናል እንጂ፣ ጋሼ» አለች አንዲት ሴት። «ድንኳኑ የኔ ነው ስላልከን ነው። የሰው ቤት ዝም ብለን አንገባም።»

ቢቆም፣ ቢቀመጥ፣ አላስችለው አለ። ቁልፉን ከአንገቱ አውልቆ ፊታቸው አኖረው። ማንም አላነሣውም። «ስብሰባ ጥራ» አሉት። «ማን እንደሚያነሣው ያኔ እንነጋገራለን።»

አየህ ይርዳው፣ ያ አንድ ቀን የወጣው እጅ ያንተ ሕዝበ ውሳኔ ነው። ምንታምርም ቁልፍ ልትነጥቅ አልወጣችም፤ ስብሰባው ይጠራ ነው የምትለው። አንተ ሹሞቹ ያሉህን ተሸክመህ እዚህ ታንጎራጉርብኛለህ። ይመቷታል ብለህ ፈርተሃል። እኔስ ድንጋይ ነኝ? ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ግን ጎትተህ አታመጣትም። ሄደህ አጠገቧ ተቀመጥ።