የሳልዝቡርግ ጥቅምትና የመንዝ ባና

መንዝ ውስጥ አንድ ሰው ያላየውን አገር እንዳየ ሆኖ ሲያወራ፣ ሽማግሌዎቹ አንዲት አባባል ጣል ያደርጉና ይስቃሉ። የሚስቁት በአባባሏ ብቻ አይደለም፤ በአቶ ማንያዘዋል ትከሻም ጭምር ነው።

ማንያዘዋል የባና ሠሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር ነበር። ባና ከበግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም ልብስ ነው፤ ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ። የፋብሪካ ብርድ ልብስ ገበያውን ወስዶባቸው ማኅበሩ ሊፈርስ አንድ ሐሙስ ሲቀረው፣ ሄልጋ የምትባል ኦስትሪያዊት ነጋዴ መንደሩን ጎበኘች። በጥቅምት በከተማዋ በሳልዝቡርግ ለሚቆመው የእጅ ሥራ ገበያ ሦስት ሰው ጋበዘች፤ ሥራቸው እዚያ ከተወደደ ደንበኛቸው ልትሆን ቃል ገባች። ማንያዘዋል፣ ፈታይዋ ወሰንየለሽና አዛውንቱ ሸማኔ ባሻ ደምጤ ተመረጡ።

ሻንጣ ሲታሰር ማንያዘዋል ባናውን ሁሉ አስወጥቶ ስስ የጥጥ ሻርፕ ሞላበት።

«መስቀል አልፏል፤ ክረምቱ ወጥቷል። በጠራራ ፀሐይ ባና ማን ይገዛል?» አለ።

የወሰንየለሽ ደም ፈላ። ሃያ ዓመት ጣቷ እስኪላጥ የፈተለችው ጠጉር እቤት ሊቀር ነው። ደግሞም ሄልጋን በአስተርጓሚ ጠይቃታለች፤ በጎቻችሁ በጥቅምት የት ናቸው ብላ። በመስከረም ከተራራ ወርደው ጋጣ ይገባሉ ነበር መልሱ።

«ጋሼ፣ በግ ጠጉሩን ለብሶ የሸሸውን ብርድ እኛ በሻርፕ እንችለዋለን?»

«ከበግ ምክር ተቀብዬ አላውቅም። እዚያ አገር አንድ ሰው ባና ደርቦ ካየሁ ሊቀመንበርነቱን ላንቺ እለቃለሁ። ባሻ ይስሙ።»

«ሰምቻለሁ» አሉ ባሻ ደምጤ።

እሷም የራሷን ቅያሪ ልብስ ትታ ሻንጣዋን በስድስት ባና ሞላች።

ገበያው የተከፈተ ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ፣ የዛፉ ቅጠል ሁሉ እንደ አደይ ቢጫ ሆኖ ነበር። ማንያዘዋል በሸሚዝ ብቻ ወጥቶ «ምን ብዬ ነበር?» እያለ ተንጎራደደ። ወሰንየለሽ አንገቷን ደፋች፤ እውነት ለመናገር፣ ፈርታለች።

ከቀትር በፊት ግን ደመናው ከተራራው ወረደ። ዝናቡ እንደ እኛው ዶፍ ጥሎ የሚያባራ አይደለም፤ ቀጥኖ ቀኑን ሙሉ የሚወርድ ነው፤ ነፋሱም አጥንት ድረስ ይገባል። ሻርፖቹ ረጥበው ገመዱ ላይ ተጣበቁ። ገበያተኛው ኮቱን ሰብስቦ ዝም ብሎ ያልፋል። ማንያዘዋል ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ ጥቂት ታገሠ፤ በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ወሰን፣ እስቲ ከዚያ ነገር አንዱን አቀብዪኝ» አላት።

«ከየትኛው ነገር፣ ጋሼ?»

«ከባናው ነዋ።»

በገዛ እጇ አለበሰችው። የዝናቡ ጠብታ በጠጉሩ ላይ እየተንከባለለ ሲወርድ አንዲት መንገደኛ አይታ ቆመች፤ ዳሰሰችው፤ ባሏን ጠራች። ከዚያ ወዲያ ጠረጴዛው በሰው ተከበበ። አምስቱ ባና ወዲያው አለቀ፤ ስድስተኛውን ከማንያዘዋል ትከሻ ላይ ሊገፍፉት የቃጣቸውም ነበሩ። ሄልጋ ይህን አይታ፣ መንደሩ የሚሠራውን ባና ሁሉ እወስዳለሁ አለች። ወሰንየለሽ እልልታዋን ለቀቀችው። የሳልዝቡርግ ሰው ዞሮ አያት፤ እሷ ምን ተዳዋ።

ማንያዘዋል ባናውን እንደ ደረበ፣ «እንግዲህ ሊቀመንበሯ አንቺ ነሽ» አለ፤ ቀጥሎም እያጉረመረመ፣ «ግን እኮ መስቀል አልፎ ነበር» አለ።

ባሻ ደምጤ በምርኩዛቸው ወደ ላይ እያመለከቱ፣ «ልጄ፣ የሰው አገር ሰማይ፣ በአገር ወር አይታይ» አሉት።