ፊታውራሪ ጓንጉል ደሴት በነፃ ሊያዩ የወጡ ጊዜ

፩

አያ አንማው የጣና ዳር ሰው ነበር። አንዳንዱ ታንኳ ሠሪ ነበር ይላል፤ አንዳንዱ ሥራ የሚባል ነገር አልነበረውም ይላል። በምላሱ ይኖር እንደነበር ግን የሚከራከር የለም። በዚያ ዓመት በቅሎው በበሽታ ሞታበት፣ ጉልበቱም አላራምድ ብሎት፣ ከገበያ ቤቱ የሚደርሰው በየዛፉ ጥላ እያረፈ ነበር።

ከደጋ የወረዱት ፊታውራሪ ጓንጉል ደግሞ በቅሎ ሞልቷቸዋል፤ ችግራቸው ሌላ ነው። በየግብሩ እኩዮቻቸው ስለ ጣና ደሴቶች ሲያወሩ እሳቸው ብቻ ዝም ብለው ይበላሉ። ማየት ይፈልጋሉ፤ መክፈል አይፈልጉም። ስለዚህ አያ አንማውን አስጠሩና፣ ከቅዳሴ በወጣው ሕዝብ ፊት ቃል ገቡለት። ደሴት ወስዶ ሲያስጎበኛቸው አንዲት ጠገራ ብር እንኳ ከቋጠሯቸው ካልወጣች፣ ዳማዋ በቅሎ ከነኮርቻዋ የእሱ ናት። አንዲት ከወጣች ግን በቅሎ የሚባል ነገር የለም። ትችላለህ ወይ አሉት።

«ጌታዬ፣ ከእርስዎ ቋጠሮ ብር ማስወጣት ብችል ኖሮ በቅሎ ሳይሆን ታቦት ነበር የሚቀረጽልኝ» አለ።

፪

በመነሻው ቀን ፊታውራሪ ጋሻ ጃግሬያቸውን፣ ጠመንጃ ያዣቸውን፣ ወጥ ቤታቸውንና ጠጅ ቀጂያቸውን አስከትለው ባሕሩ ዳር ደረሱ። አያ አንማው ጉዞ በርካሽ ይሁን ከተባለ አፍ መቀነስ እንደሚቀድም አስረዳቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ይበቃሉ፤ ሌላው ሰው እዚሁ ዳር ላይ ይጠብቅ አለ። ፊታውራሪ ተቆጡ። ያለ አጃቢ ከሄዱ መኳንንት መሆናቸውን ማን ያውቃል?

«ስለዚያ አያስቡ፤ ክፍያ ሲነሳ ወደ ሰማይ ሲያዩ ያውቁዎታል» አላቸው።

ወይዘሮ አትጠገብ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ።

፫

ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። ቀኑን የመረጠው አያ አንማው ነው። የደሴት ሰዎች በገበያ ቀን ጠዋት በታንኳ እንጨት ጭነው ይመጡና፣ ሸጠው ከሰዓት በኋላ ባዶ ታንኳ እየቀዘፉ ይመለሳሉ። ጠዋት የሚሄድ መንገደኛ ይከፍላል፤ ከሰዓት የሚሄድ ግን ቀዘፋ ካገዘ በነፃ ይሻገራል።

ባለ ታንኳው ደስ ብሎት ተቀበላቸውና የቀርከሃውን መቅዘፊያ ለፊታውራሪ ዘረጋላቸው። አያ አንማው አንዱን ቀድሞ ይዟል። ፊታውራሪ እጃቸውን ካባቸው ውስጥ ደበቁ። ሲቀዝፍ የታየ ፊታውራሪ አለ ወይ ብለው ባለ ታንኳውን ጠየቁት። ኧረ የለም አለ ሰውየው አፍሮ።

«እኔም አላየሁም። ከፍሎ የሚሻገር ፊታውራሪ ግን ስንት አይቻለሁ መሰለዎት» አለ አያ አንማው።

ፊታውራሪ ካባቸውን አውልቀው ለሚስታቸው ሰጡና መቅዘፍ ጀመሩ።

፬

መሐል ላይ ነፋስ ተነሣ። የደንገል ታንኳ እንደሆነ በደህናውም ቀን ከሥር ውኃ ያስገባል፤ ማዕበል ሲመታው ደግሞ መንገደኛውን እስከ ወገቡ ያጥበዋል። ፊታውራሪ መቅዘፊያውን ጥለው እጃቸውን ዘረጉ። የደሴቷን ጊዮርጊስ ተማጸኑ፤ ከዚህ ካወጣቸው ሰንጋ ሊያስገቡ ተሳሉ።

ነፋሱ ጥቂት በረድ አለ። ፊታውራሪ ቀና ብለው ዳሩን አዩና፣ ሰንጋ በታንኳ ማሻገር እንደማይመች፣ ሙክት ቢሆን እንደሚሻል ለሰማዕቱ አስረዱ። ዛፎቹ አንድ በአንድ መለየት ሲጀምሩ ሙክቱም ቀርቶ አንድ ጠገራ ብር ሆነ።

«ጌታዬ፣ እዚያ ላይ ይቁሙ፤ ትንሽ ከቀዘፍን ጊዮርጊስ ራሱ ሊከፍልዎት ነው» አለ አያ አንማው።

ባለ ታንኳው እስኪያስለው ሳቀ። አያ አንማው ግን ከአፉ እንጂ ከልቡ አልሳቀም። አንድ ብር ማለት አንዲት በቅሎ ናት።

፭

ደሴቷ ላይ ሲወርዱ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ማደሪያስ አሉ ፊታውራሪ። አያ አንማው ካባዎን አጥፈው በብብትዎ ይያዙ፣ ከዚያ ከኔ ጋር ወደዚያ ጭስ የሚወጣበት ቤት ይምጡና የመሸበት የእግዜር እንግዳ ይበሉ አላቸው። አሉም። ባለቤቶቹ ማን ነህ፣ ከየት ነህ ሳይሉ አስገቧቸው፤ እግራቸውን አጠቡ፣ ትኩስ ዓሣና ጠላ አቀረቡ፣ መደቡንም ለቀቁላቸው።

ፊታውራሪ ዓሣውን በደንብ በሉት። ከጠገቡ በኋላ ግን ውርደት ተሰማቸው። ስንት ጭሰኛ የሚያስተዳድሩ ሰው የእግዜር እንግዳ ተብለው ማደራቸው ቢሰማስ ብለው በአያ አንማው ጆሮ አንሾካሾኩ።

«አይዞዎት፣ ማን እንደሆኑ ለእግዜርም አልነገርነው» አላቸው።

፮

በማግሥቱ የደሴቷን የጊዮርጊስ ገዳም ሊያዩ ሄዱ። ሴት አይገባምና ወይዘሮ አትጠገብ በሩ ላይ ካለው ሎሚ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። አንድ መነኩሴ የግድግዳውን ሥዕል መጋረጃ እየገለጡ አሳዩዋቸው፤ ሌላው መነኩሴ ሙዳየ ምጽዋቱን ይዘው ከኋላ ይከተላሉ።

ሲወጡ ወይዘሮ አትጠገብ ሥዕሉ እንዴት ነው ብለው ባላቸውን ጠየቁ። ፊታውራሪ እም፣ እም አሉ።

«እመቤቴ፣ ስለ ሥዕሉ እኔን ይጠይቁኝ፤ እሳቸው ሙዳዩ በቀረበ ቁጥር ዓይናቸውን ጨፍነው ጸሎት ላይ ነበሩ» አለ አያ አንማው።

ያን ጊዜ ወይዘሮ አትጠገብ ከተቀመጡበት ተነሡ። ስለቱስ? አሉ። ስለት መቼም ቀልድ አይደለም። ፊታውራሪ ሲያንገራግሩ በሩ ላይ ቆመው አላሳልፍም አሏቸው። ፊታውራሪ ተመለሱ፤ ቋጠሮውን ፈትተው ብሯን ሙዳዩ ውስጥ ጣሉ። ሲመጡ ፊታቸው በርቷል። ከፍሎ የሚስቅ ሰው አያ አንማው ከዚያ በፊት አላየም።

ፊታውራሪ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ብር ወጥታለች፣ በቅሎዋም ቀርታለች አሉት።

፯

ነገሩ ታንኳ ለታንኳ ሲጋጭ ከሚፈርዱት ሽማግሌ፣ ከአባ ልየው ፊት ቀረበ። አባ ልየው እዚያው ደሴቷ ወደብ አጠገብ ዋንዛ ሥር ተቀምጠዋል፤ ባለ ታንኳዎቹም ለወሬ ተሰብስበዋል። ፊታውራሪ ቆመው ተናገሩ። ቃሉ አንዲት ብር ከወጣች የሚል ነው፤ ለምን ወጣች የሚል አልነበረበትም። ብሯ ወጥታለች፤ ምስክራቸውም ሚስታቸው ናቸው። ወይዘሮ አትጠገብ ተጠየቁ። እያዘኑም ቢሆን እውነቱን ተናገሩ፤ ብሯ ወጥታለች።

አባ ልየው ምስክርነቱን ተቀበሉ። ሕዝብ የሰማው ቃል ቃል ነውና እሳቸውም ሊያጠፉት አይችሉም። አንተስ የምትለው አለህ ብለው ወደ አያ አንማው ዞሩ።

አያ አንማው ጉልበቱን እያሻሸ ተነሣ። ነፋስ እንደገና መጥቷል፤ ባለ ታንኳዎቹ ታንኳቸውን ወደ ላይ ይጎትታሉ። ውኃውን አየ፣ ፊታውራሪንም አየ።

«እኔ ምን እላለሁ፣ ጌቶች። ብሯ የጊዮርጊስ ስለት ከሆነች ጉብኝቱ በነፃ ነው፣ በቅሎዋም የእኔ ናት። የጉብኝት ወጪ ናት ካሉም ይሁን፤ እንግዲያው ስለቱ አልተከፈለም። እኔ በቅሎ የሌለኝ ሰው ምን ያስቸኩለኛል፣ እዚሁ እከርማለሁ፤ ጌታዬ፣ እርስዎ ግን ዛሬውኑ በዚያው ውኃ ነው የሚመለሱት።»