ምንጭ የበዛበት ገበሬ

አንድ ሰው ነበረ። ከሦስት ሕክምና የቱን ልመን ብለሽ ጠይቀሽኛልና ልጄ፣ የእሱን ነገር ስሚ።

ሰውየው ገበሬ ነው። ከቤቱ ጀርባ ያለው ምንጭ እሱንም ከብቱንም በልክ ሲያጠጣ ኖሮ፣ አንድ ዓመት ከመጠን በላይ ይፈልቅ ጀመር። ጎረቤት ቀናበት። ውሃ በዛልኝ ብሎ የሚያማርር ሰው አይተን አናውቅም እያሉ ሳቁበት። እሱ ግን የጓሮው ጎመን ከሥሩ ሲበሰብስ፣ ልጆቹ የሚተኙበት ግድግዳ ከታች ወደ ላይ ሲርስ ያያል።

ሦስት ባለሙያ በየተራ አስመጣ። አናጢው በምንጩ አፍ መዝጊያ ልግጠምልህና በየቀኑ ውሃውን መጥን አለው። ግንበኛው የምንጩን ዓይን በኖራ ልድፈነው አለ። ጉድጓድ ቆፋሪው ደግሞ ከሥሩ ቆፍሬ ላውጣልህ አለ።

ገበሬው «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» የሚለውን ተረት ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ይመስላል። አናጢ መዝጊያ ካላለ ምን ሊል ነው? ቆፋሪስ ዶማውን ተሸክሞ መጥቶ አይቆፈር ይላል? እያለ ሲያብሰለስል ይውላል። ስለ አናጢው ግንበኛውን፣ ስለ ግንበኛው ቆፋሪውን በስውር ጠየቀ። ሁሉም የሌላውን ሥራ አጣጣለ። ገበሬው ይህን ሲሰማ ደስ አለው፤ ተጠራጣሪ ሰው ጥርጣሬው እውነት ሲመስለው ልቡ ይሞቃል። መፍትሔ ግን አላገኘም።

ውሃው አልጠበቀውም። አንድ ማለዳ የግድግዳው ምርጊት ተገምሶ በታናሽ ልጁ መኝታ ላይ ወደቀ። ልጅቱ ጥቂት ቀደም ብላ ተነሥታ ወጥታ ነበር። ገበሬው ጭቃውን በእጁ አነሣ።

ያን ጊዜ ሦስቱንም በአንድ ቀን ጠራ። ሐሳቡ እርስ በርስ ተጣልተው ገመናቸው እንዲወጣ ነበር። በግድግዳው ሥር አቁሞ፣

«የሥራችሁን ደግነት ሰምቻለሁ። አሁን እያንዳንዳችሁ የገዛ ሥራችሁን ክፋት ንገሩኝ» አላቸው።

ይዋሻሉ ብሎ ዓይናቸውን ይከታተላል። እነሱ ግን አልሸሸጉም። አናጢው መዝጊያው ዝንጉ ሰው እንደማይወድ፣ ከዓመታት በኋላም ውሃው መልሶ ሊያሸንፈው እንደሚችል ነገረው። ግንበኛው የተደፈነ ዓይን ተመልሶ እንደማይከፈት፣ ምንጩም ጨርሶ ሊደርቅና ዕድሜ ልኩን ከወንዝ ሊቀዳ እንደሚችል ነገረው። ቆፋሪው ከወንዝ መቅዳቱ በእኔም አይቀርልህም፣ ዶማዬም ከመሠረትህ አጠገብ ነው የሚያልፈው አለ። ከዚያ አናጢው ዞር ብሎ ጠየቀው።

«አንተስ? በየማለዳው መዝጊያ የሚያስብ ሰው ነህ? ውሃ የሚቀዳልህ አለ? በዚህ ቤት ምን ልትሠራ አስበሃል?»

ገበሬው ሰው ሁሉ የሚደብቀውን ሲፈልግ ከርሞ፣ የጎደለው መልስ በራሱ ዘንድ መሆኑን ሳይጠረጥር ቀርቷል። አፈረ። ተቀምጦ ሁሉን ነገራቸው፤ በዚያው ሳምንት ሥራው ተጀመረ።

የቱን መረጠ ትይኛለሽ። አልነግርሽም፤ ብነግርሽ ያንኑ ትመርጫለሽ፣ የእሱ ግድግዳ ደግሞ የአንቺ አይደለም። ምንጩ በአንገትሽ ያለችው፣ ከልክ በላይ የምታመነጨው የእንቅርት ዕጢ ናት። ሰው ቀጠንሽ፣ አማረብሽ ሲልሽ ልብሽ ይጋልባል፣ እጅሽ ብርጭቆ መያዝ ያቅተዋል። መዝጊያው ክኒኑ ነው፤ ኖራው ጨረር ያለው አዮዲን፤ ዶማው ቀዶ ጥገናው፤ ከወንዝ መቅዳቱም ዕጢዋ ስትጠፋ ዕድሜ ልክ የሚዋጠው ምትክ መድኃኒት። መጠርጠርሽን አልነቅፍም፤ ክፋቱን ንገሩኝ ብለሽ ፊት ለፊት ጠይቂያቸው። ግን ልጄ፣ ሐኪሞቹ ምን ይደብቁብኛል እያልሽ ስትጨነቂ ከረምሽ፤ ምርጫውን ሁሉ የሚለውጠውን፣ ዘንድሮ ልጅ መውለድ ማሰብሽን፣ ከእኔ በቀር ለማን ነገርሽ?