ያልታጠበው ዶሮ

አንድ የቤተ ሙከራ ኃላፊ «ያልታጠበ ዶሮ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አይወጣም አልኩሽ!» ብለው ለሦስተኛ ጊዜ ጮኹ። ስማቸው አቶ ድንቁ ነው። ፊት ለፊታቸው የቆመችው መርማሪዋ ትርሲት ጥሬ ዶሮ በከረጢት ይዛ ከቦታዋ አልንቀሳቀስ ብላለች።

አቶ ድንቁ ንጽሕና ወዳድ ሰው ነበሩ። እሳቸው ዘንድ ማንኛውም ዶሮ ከመመርመሩ በፊት፣ ልክ ለወጥ እንደሚዘጋጀው፣ በሎሚና በጨው ታሽቶ ይታጠባል። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ጎጂ ባክቴሪያ አልተገኘም፤ በዚህም በጣም ይኮሩ ነበር። ነገር ግን እሳቸው ያሳለፉት ዶሮ የሚሄድለት መዋዕለ ሕፃናት ልጆች በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ታመሙ። አሁን ደግሞ ለልጆቹ ወጥ ቤት አዲስ ዶሮ መጥቷል። ይለፍ ወይስ አይለፍ የሚለው ወረቀት የአቶ ድንቁን ፊርማ ይጠብቃል።

«ጋሼ፣ የምንመረምረው ዶሮውን ነው ወይስ ሎሚውን?» አለች ትርሲት።

«እናትሽ ዶሮ ማጠብ አላስተማሩሽም?»

«አስተምረውኛል። ያ ግን ለመብላት ነው፤ ይሄ ለማወቅ ነው። ሎሚው ጀርሙን ያደክመዋል እንጂ አይጨርሰውም። የደከመ ጀርም በእኛ ምርመራ አይታይም። ወጥ ቤት ሲገባ ግን ቢላዋውና መክተፊያው ላይ ይቀራል፤ የልጆቹ ሰላጣ የሚከተፈውም እዚያው ላይ ነው።»

«እና ምን ይሁን ነው የምትይው?»

«ሳይታጠብ፣ ጀርም በሚመገበው ፈሳሽ ውስጥ እንነቅንቀው። ፈሳሹን አንድ ቀን ሙቀት ውስጥ እናቆየውና የደከመው ይበርታ። ከዚያ ሳህን ላይ ቀብተን እንፈልገው።»

አቶ ድንቁ ሳቁ። «ጀርም ልትቀልቢ ነዋ የተቀጠርሽው!»

«አዎ ጋሼ። ካልበላ ራሱን አያሳይም።»

«እንግዲያው ለሁለት ክፈይው። ግማሹ በእኔ መንገድ፣ ግማሹ በአንቺ። ከተሳሳትሽ ግን ከነገ ጀምሮ ሥራሽ ዶሮ ማጠብ ብቻ ይሆናል!»

በሦስተኛው ቀን ሁለት የመመርመሪያ ሳህኖች ጎን ለጎን ተቀመጡ። የታጠበው ዶሮ ሳህን እንደ ወትሮው ባዶ ነበር። ባልታጠበው ሳህን ላይ ግን ጀርሙ ጥቁር አዝሙድ የተበተነ መስሎ በቅሎ ነበር።

ትርሲት ሁለቱንም ሳህኖች ወደ አቶ ድንቁ ገፋ አደረገች። አቶ ድንቁ ሳህኖቹን ወደ ብርሃን አንስተው ደጋግመው አዩ። ከዚያ ወረቀቱን ሳቡና «አይለፍ» ብለው ፈረሙ። ከሥሩ በትልልቅ ፊደል «ከዛሬ ጀምሮ በትርሲት ዘዴ ይመርመር። ያለፉት ሦስት ዓመታት ውጤቶቼ አያስተማምኑም» ብለው ጨመሩ። ብዕሩን አስቀመጡና ወጥተው ሄዱ።

ጥፋት አለማየት፣ ጥፋት የለም ማለት አይደለም። ሥራችንን ከመመርመራችን በፊት አሳምረን ካጠብነው፣ የምናገኘው ማየት የፈለግነውን ብቻ ነው። የተደበቀውን ያገኘችው ትርሲት ልትኮራ ይገባታል። ሦስት ዓመት የኮሩበትን በገዛ እጃቸው የሰረዙት አቶ ድንቁ ግን፣ ለእኔ እንደሚመስለኝ፣ ከዚያ ቀን የበለጠ የሚኮሩበት ቀን የላቸውም።

እናንተስ ከሁለቱ በማን ትኮራላችሁ?